ተቀበል!

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሁለት ሥልጣን አለው። አንደኛው ኪሱ ነው፤ ብሩን ያወጣና ግንባር ላይ ይለጥፋል። ሁለተኛው አፉ ነው፤ «ተቀበል!» ይላል፣ ግጥሙን ይወረውራል፣ አዝማሪውም ማሲንቆውን እየገዘገዘ ቃል በቃል ይደግምለታል። ግጥሙ ቤት ካልመታ አዝማሪው በዜማ ያቃናዋል። ስድብ ከሆነ ደግሞ ዕዳው የሰጪው ነው፤ እሱ የተባለውን ነው ያለው። ከመስቀል ፍላወር ተነስተን፣ በኦሎምፒያ አድርገን፣ ባምቢስን አልፈን ካዛንቺስ እየወጣን ባመሸንባቸው ዓመታት ይህን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላስታውስም። ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ምዕራብ ጥቂት የተራመደ ሰው የቤተ መንግሥት አጥር ያገኝ ነበር። አዝማሪ ቤቱና አጥሩ እንዲህ ጎረቤት የሆኑት በአጋጣሚ ነው። ዝምድናቸው ግን ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል።

በአማርኛ ተጽፈው ከቆዩልን ጽሑፎች መካከል በዕድሜ ቀዳሚ የሚባሉት ለነገሥታት የተዘፈኑ ግጥሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1314 እስከ 1344 ለነገሡት ለአፄ ዓምደ ጽዮን፣ ከእሳቸውም በኋላ ለአፄ ይስሐቅና ለአፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተገጠሙ አሉ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኢኛሲዮ ጉዊዲ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሳተሟቸው። ንጉሡ የወጋውን አገርና ያስገበረውን ሕዝብ ይቆጥራሉ፤ ለይስሐቅ የተገጠመውማ የግብር ሰብሳቢ መዝገብ በዜማ ቢባል ያስኬዳል። የትኛውም ገጣሚ ስሙን አላስቀመጠም። የንጉሥ ቃል የሚያስተጋባ ሰው ፊርማ ማኖር ትዝም አይለው ይሆናል።

በዚያው ዘመን ፈረንሣይ ውስጥ የንጉሡ ዘመዶች የሆኑ መሳፍንት በጥበብ ሰው ብዛት ይፎካከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1416 የሞተው የቤሪው መስፍን ዣን የሊምቡርግ ወንድማማቾችን ቀጥሮ እስከ ዛሬ አገር የሚያየው የጸሎት መጽሐፍ አሥሏል። የቡርጎኙ መስፍን ፊሊፕ በበኩሉ በቤተ ጸሎቱ ዘማሪዎችን ሰብስቦ፣ ዢል ቢንሿ የተባለውን የዜማ ደራሲ ለዓመታት በደመወዝ አኑሯል። የዚህ የፊሊፕ ባለሟል የነበረው ቤርትራንዶን ደ ላ ብሮኪዬር ከኢየሩሳሌም ሲመለስ፣ ቁስጥንጥንያ ማዶ ፔራ ላይ ፒየትሮ ከሚባል የኔፕልስ ሰው ጋር ተገናኘ። ፒየትሮ በቤሪው መስፍን ተልኮ ኢትዮጵያ እንደገባ፣ እዚያም ሚስት እንዳገባ አጫወተው። አብረን እንሂድ ብሎም ወተወተው። ቤርትራንዶን አልሄደም። የጌታውን ዘማሪዎች ድምፅ በጆሮው የያዘ ሰው በኢትዮጵያው ንጉሥ ድንኳን አንድ ሌሊት ቢያመሽ ምን ብሎ ይጽፍልን እንደነበር እያሰብኩ እቆጫለሁ።

የኛ ነገሥታትም ቢሆኑ የባሕር ማዶውን ባለሙያ ይፈልጉ ነበር። አፄ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ1402 ወደ ቬኒስ መልእክተኛ ሲልኩ አራት ነብሮች አስይዘው ነበር፤ መልእክተኛው የእጅ ባለሙያዎችና ንዋየ ቅድሳት ይዞ ተመለሰ። ልጃቸው ይስሐቅ ከአራጎኑ ንጉሥ ከአልፎንሶ ጋር ተጻጻፉ፤ አልፎንሶ ከላካቸው ባለሙያዎች 13ቱ ኢትዮጵያን ሳያዩ መንገድ ላይ አለቁ። በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ግን ቤተ መንግሥቱ ከባሕር ማዶ ብቻ መጠበቅ አላስፈለገውም። ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ውስጥ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል ፍሬ ጽዮን የተባለ መነኩሴ ሠራው፤ ስሙንም ጻፈበት። ሠዓሊው ሲፈርም ገጣሚው ያልፈረመበት ምክንያት አንዱ መንኩሶ፣ አንዱ ለግብር አድሮ ስለነበር ነው ብዬ እገምታለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች አፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ደረሱ። ስድስት ዓመት የቆየውን ይህን ተልእኮ በጽሑፍ ያቆየልን ቄሱ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። ከጓዙ መካከል ኦርጋን ነበረ፤ ተጫዋቹ ማኑኤል ደ ማሬስ፣ ሠዓሊውም ላዛሮ ደ አንድራዴ አብረው መጥተዋል። ንጉሡ እንደ ወጉ በመጋረጃ ጀርባ ናቸው። ጥያቄው በብላቴና ይመጣል፣ መልሱ በብላቴና ይሄዳል። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንግዶቹ በአገራቸው ወግ እንዲዘፍኑና እንዲጨፍሩ የሚል ነበር። ዘፈኑም፣ ጨፈሩም። መጋረጃው ግን አልተገለጠም፤ ዘፋኝ ንጉሡን ደስ ይበለው አይበለው በብላቴናው ፊት ላይ ማንበብ ነበረበት።

ጥቂት ዓመት ቆይቶ የግራኝ ጦርነት መጣ። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ብራናው ብቻ አልነበረም የጠፋው፤ ዜማውን በቃሉ የያዘው መሪጌታም አብሮ ሞተ። የልብነ ድንግል ልጅ ገላውዴዎስ በነገሡበት ዘመን ሁለት ሰዎች፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል፣ ከፊደሉ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት የሚቀመጠውን የዜማ ምልክት እንዳደላደሉት የቤተ ክህነት ትውፊት ይናገራል። የማዕረግ ስማቸውን ልብ በሉ፤ አዛዥ የቤተ መንግሥት ሹመት ነው። ዛሬ አንድ የድጓ ተማሪ ምልክቱን እያየ ሲያዜም ከአንድ ንጉሥ ግምጃ ቤት የወጣ ሥራ በእጁ ይዟል። የአዝማሪው ዜማ እንዲህ ያለ ምልክት አልደረሰውም። ቃሉም ሥሩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አዝማሪም መዘምርም ከ«ዘመረ» መጥተው ሳለ፣ አንዱ ቅኔ ማህሌት ቆሞ ሌላው ደጅ ቀረ።

ጎንደርን በፍጥነት አልፋለሁ፤ የእቴጌ ምንትዋብ ነገር ግን ሳይነሳ አይታለፍም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቁስቋምን አሠርተው ሠዓሊውንና ካህኑን በዙሪያቸው ሰበሰቡ። ጣና ናርጋ ሥላሴ ላይ እመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የምትታየው ሴት እሳቸው ናቸው። ከፋዩ በሥዕሉ ውስጥ የራሱን ቦታ ያስይዛል። የቤሪው መስፍንም ቢሆን በዚያ ዝነኛ የጸሎት መጽሐፍ የጥር ወር ገጽ ላይ ግብር ሲያበላ ተሥሎ ተቀምጧል።

ከዘመነ መሳፍንት በኋላ መሣሪያዎቹ ራሳቸው ወንበር ነበራቸው። በገና የጨዋ ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ይደረድሩ ነበር ይባላል፣ እቴጌ ጣይቱም በበገና ይታወቃሉ። ማሲንቆ የአዝማሪ ነው። ነጋሪት የሹመት ነው፤ ያለ ነጋሪት አዋጅ የለም። መለከትና እምቢልታ የጌታን መምጣት ይናገራሉ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አዝማሪው የሚበላው ከጌታው እልፍኝ፣ የሚለብሰው ከጌታው ትከሻ ነው። ጌታው ከፎከረ ይፎክራል፣ ከዘመተ ይዘምታል። ተናቀ እንጂ አልተደፈረም፤ በሰምና ወርቅ የሚናገር አፍ እንደሚያሳፍር ጌታው ያውቃል፣ እሱም ጌታው እንደሚያውቅ ያውቃል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል ሆነ። ከዚያ በኋላ የሩሲያው ዛር ለምኒልክ የናስ የሙዚቃ መሣሪያዎች በስጦታ ላከ፤ ሚሌቭስኪ የተባለ አስተማሪም ወጣቶችን ማሰልጠን ጀመረ። አዲስ አበባ ትሩምባ የሰማችው ያኔ ነው። የመለከቱ ድምፅ አልተሻረም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይነፉ ነበር።

ከምኒልክ እልፍኝ ሰዎች መካከል የምንጃሩን ተሰማ እሸቴን የሚያህል ጨዋታ አዋቂ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ መኪና መንዳትና መጠገን እንዲማር ወደ ጀርመን ላኩት። ተሰማ ሞተሩን ተማረ፤ ከዚያም አልፎ በርሊን ውስጥ ዘፈኑን በሸክላ አስቀረጸ። በአማርኛ ዘፈን ታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች እነዚያ ናቸው። የቤተ መንግሥት ጨዋታ ያለ ጌታው መሰማት የቻለው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሸክላው የትም ቤት ይዘፍናል። ተሰማ ግን ከጌታ አልራቀም። የልጅ ኢያሱ የቅርብ ሰው ሆነ፣ ነጋድራስ ተባለ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ የተሰማም ወንበር አብሮ ወረደ። የአገራችን እግር ኳስ አባት የሚባሉት ይድነቃቸው ተሰማ ልጁ ናቸው።

አሁን ወደ 1916 ዓ.ም. ደረስን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዓመቱ በገባ በአራተኛው ወር አዲስ አበባ ውስጥ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ቤት አንዲት ልጅ ተወለደች። የውብዳር ተባለች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ደግሞ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ለመሄድ ተነሱ፤ በመንገዳቸው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በአርመኖች ገዳም ቅጥር ግቢ የናስ መሣሪያ የያዙ ልጆች ተሰልፈው ተቀበሏቸው። አርባ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1915 ከተጀመረው እልቂት የተረፉ፣ እናት አባት የሌላቸው፣ ገዳሙ ሰብስቦ ያሳደጋቸው ልጆች ነበሩ። ራስ ተፈሪ ሰሟቸው፤ ከፓትርያርኩ ከይግሼ ቱርያን ጋርም ተነጋገሩ። ልጆቹን ወሰዷቸው።

ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አርባዎቹ አዲስ አበባ ገቡ። ዘመን መለወጫ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም፣ አደይ አበባው ፈክቷል። የከተማው ሰው «አርባ ልጆች» አላቸው፤ ስማቸው ሆኖ ቀረ። ከእነሱ ጋር ቄስ ሆቭሃኔስ ሲሞንያን መጡ፤ የሙዚቃ መሪያቸው የአንቴፑ ሰው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ሆኑ። ናልባንዲያን እነዚህን ልጆች የመንግሥት ሙዚቀኛ ማድረግ ነበረባቸው። ማንበብ የማይችለውን ኖታ ማስነበብ፣ ክላሪኔት የያዘውን ከትሮምቦን ጋር ማስማማት፣ ወግ ባለው ሰልፍ ማስኬድ ሥራቸው ሆነ። አንድ ነገር ላይ ከቡርጎኙ ፊሊፕ ቤት ጋር ይመሳሰላል። እዚያም የቤተ ጸሎቱ ብላቴኖች ገና በልጅነታቸው ተወስደው፣ የጌታውን ልብስ ለብሰው፣ የጌታውን እንጀራ እየበሉ ነበር ዘማሪ የሚሆኑት። ልዩነቱ አርባዎቹ የሚመለሱበት ቤት ያልነበራቸው መሆኑ ነው።

ናልባንዲያን ለራስ ተፈሪ «ማርሽ ተፈሪ» የተባለውን ደረሱ። ቀጥሎም ብሔራዊ መዝሙሩ መጣ፤ ዜማው የአንቴፑ አርመናዊ፣ ግጥሙ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሰው የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ያ መዝሙር ከተማውን ሞላው። የውጭ አገር መንግሥታት መልእክተኞች ተገኝተዋል። ንጉሥ ዘውድ ሲጭን ነጋሪት ብቻ መምታት እንደማይበቃ፣ የአውሮፓ ጆሮ የሚያውቀው ሙዚቃ እንደሚያስፈልግ ኃይለ ሥላሴ ቀድመው አስልተውበታል። መዝሙሩ ከ40 ዓመት በላይ አገለገለ።

የአርባዎቹ ውል ግን ከዘውዱ በፊት አልቆ ብዙዎቹ ተበትነው ነበር። ናልባንዲያን ቀሩ፤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ አስተማሩ። የክቡር ዘበኛውን ሙዚቃ ስዊዛዊው አንድሬ ኒኮ ያዘው። የውብዳርም በስድስት ዓመቷ ወደዚያው ወደ ስዊዘርላንድ ተልካ ቫዮሊን ተማረች። በ1925 ዓ.ም. ስትመለስ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ዘፈነች።

በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የጣሊያን ጦር ድንበር ላይ ሲከማች፣ መኮንን ሀብተ ወልድ የአገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ሕዝብ በአደባባይ እየተሰበሰበ ንግግርና ግጥም ይሰማ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የሆነውን እልቂት ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይነሳው ግን ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ተረት ነጋሪዎችና ዟሪ ዘፋኞች እየተያዙ እንዲረሸኑ ማዘዙ ነው። አዝማሪውን ከአርበኛው እኩል ፈራው። ማሲንቆ ይዞ ከገበያ ገበያ የሚዞር ሰው ያለ ሬዲዮ ወሬ ያደርሳል፤ ያውም በሰም ጠቅልሎ፤ አስተርጓሚ ቃሉን ቢተረጉም ወርቁን አያገኘውም። የከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም ታስሮ በባሕር ተጓዘ፤ የውብዳር አዚናራ ደሴት ላይ ከረመች።

በዚያው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች ከቤተ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ባለው ሜዳ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው መኖሪያ ቤቶች ሠሩ። የሠራው ድርጅት ምህጻረ ስም ኢንቺስ ነበር፤ ካዛ ኢንቺስ፣ የኢንቺስ ቤቶች። ሕዝቡ አፉ ላይ አጣጥሞ ካዛንቺስ አደረገው። አዝማሪ በሚረሸንበት ዘመን የተቆረቆረ ሰፈር ኋላ ለዓመታት የአዝማሪ ሰፈር ሆኖ ኖረ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ሙዚቃ እንደ ገና ከዜሮ መጀመር ነበረበት። የውብዳር ወደ ካይሮ ሄዳ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን ሰው ዘንድ ተማረች። ወደ አገሯ ስትመለስ መምህሯም አብረው መጡ፤ ኃይለ ሥላሴ የክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ኃላፊ አደረጓቸው። በኋላ ለንደን ሄዳ የመማር ዕድሏ ተሰናከለ። እህል ውሃ አልቀምስ ብላ ታመመች፤ ከዚያም ግሸን ማርያም ወጥታ መነኮሰች። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የምንላቸው እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን ውስጥ ሲወጣ የረዷቸው ልጅ ሳሉ የዘፈኑላቸው ንጉሠ ነገሥት ናቸው።

ክቡር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል የገባ ሰው ወታደር ነው። ማዕረግ አለው፣ ዩኒፎርም አለው፣ አርፍዶ ቢመጣ የሚጠብቀው የወታደር ቅጣት ነው። ሐምሌ 16 የንጉሠ ነገሥቱ ልደት፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል፤ ለሁለቱም አዲስ መዝሙር መድረስ አለበት። የቀረው ጊዜ ለፍቅር ዘፈን ይተርፋል፤ አገሩ እስከ ዛሬ የሚወደው ያንን ትርፉን ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከአገር ፍቅር ወደዚያ ተሻገረ፤ ብዙነሽ በቀለም ከዚያው ቤት ናት። የሙሴ ኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤት፣ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የአማርኛን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ አዘጋጁ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ይህ ቴአትር ጣሊያን ጀምሮት የነበረ ሲኒማ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ለንግሥናው 25ኛ ዓመት ተጠናቆ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ተከፈተ። የዳዊትን ኃጢአት ንጉሥ ፊት ማሳየት! ራስ ቢትወደድ መኮንን ምን እያሰቡ እንደነበር እንጃ።

ለዚያው በዓል ከካዛንቺስ በታች የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ተሠራ። ፊት ለፊቱ ጥቂት ቆይቶ የአፍሪካ አዳራሽ ተነሳ፤ የ150 ካሬ ሜትሩን የመስታወት ሥዕል አፈወርቅ ተክሌ ሠሩት። አፈወርቅ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ተሰማ መኪና ሊማር ሄዶ ዘፈን እንዳስቀረጸው ሁሉ እሳቸውም ሥዕል ተምረው ተመለሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም አልተቆጡም።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛው አዛዥ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አወጁ። ሙከራው ከሸፈ። የንጉሡን ልደት ሲዘምር የኖረ ሙዚቃ ክፍል በአንድ ሌሊት የአማፂ ጦር ሙዚቃ ክፍል ሆኖ ተገኘ፤ ጥላሁን ሳይቀር ታሰረ። ሲፈቱ ወደ መድረክ ተመለሱ፣ አድማጩ ግን ተለውጦ ጠበቃቸው። «ቻልኩት፣ አልቻልኩት» የሚል የፍቅር ዘፈን ሁሉ ወርቅ እየተፈለገለት ሄደ። ያ ክፍል አዲስ ድምፅ ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚያመሹበት አሪዞና ክለብ ውስጥ ይላላክ የነበረ የመርካቶ ልጅ አንድ ማታ ልዝፈን አለ። ማሕሙድ አሕመድ ነው።

ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ለአገር ፍቅር ብቻ በአዋጅ ተሰጥቶ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ አዋጁን እንዳላየ ሆኖ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ይታሰራል ተብሎ ተጠበቀ፤ አልታሰረም። ወጣቱ ሁሉ እየገዛ ስለነበር ንጉሡን ማማለል የማያስፈልገው ዘፋኝ ተፈጠረ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት ኃይለ ሥላሴ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ። የናልባንዲያንና የዮፍታሔ መዝሙርም ብዙ ሳይቆይ ተለወጠ። ደርግ ሥልጣን ይዞ ያወጀው ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ባንድ አዳከመው። ደርግም በበኩሉ ዘፋኙን አላሳረፈውም፤ ለአብዮት በዓል አዲስ መዝሙር ይፈልጋል። «ተቀበል» ባዩ ተለወጠ እንጂ ጨዋታው ቀጠለ።

ደርግ ወድቆ ሰዓት እላፊው ሲያበቃ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ሆነች። የጌታ እልፍኝ የነበረው ጠባብ ሳሎን ሆነ፤ ግድግዳው ላይ ቁርበትና አገልግል፣ ዱካው ዝቅ ያለ፣ ጠላና ቢራ አንድ ጠረጴዛ ላይ። ፈንድቃ ከእነዚህ አንዱ ነበር። መላኩ በላይ ለዓመታት እዚያ ለሽልማት ከጨፈረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ያዘው፤ ሠዓሊውንና የጃዝ ተጫዋቹን አስገባበት። ፈረንሣያዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ደግሞ «ኢትዮፒክ» ብሎ የክቡር ዘበኛውን ዘመን ሸክላዎች ፈረንሣይ ውስጥ በተከታታይ አሳተመ። 21ኛው የእማሆይ ጽጌ ማርያም ፒያኖ ነው። የፈረንሣይ መንግሥት ለመላኩ የጥበብና የሥነ ጽሑፍ ባላባት ማዕረግ ሰጠው። ቤርትራንዶን ያልመጣበትን መንገድ ዘመዶቹ ከ500 ዓመት በላይ ዘግይተው መጡበት።

እማሆይ መጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ፤ አርባዎቹ ልጆች በወጡበት ከተማ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ካዛንቺስ ፈረሰ። የፈንድቃም ቤት አብሮ ሄደ።

አሁን እኛ ሩቅ አንሄድም፤ እዚሁ መስቀል ፍላወር እንቀመጣለን። በቀደም ማታ አንድ አዝማሪ ከአጠገባችን ያለውን ወፍራም ሰውዬ አሞገሰው፤ ዘሩን፣ ደረቱን፣ መኪናውን። ሰውየው ኪሱን ዳበሰና «ጥሬ ብር የለኝም፣ ቴሌብር ቁጥርህን ስጠኝ» አለ። አዝማሪው አልደነገጠም። ማሲንቆውን አንዴ ሳብ አደረገና ስልክ ቁጥሩን ከዜሮ ዘጠኝ ጀምሮ በአምባሰል አዜመው። ሰውየው የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች አልተሰሙኝም ብሎ «ድገመው!» አለ። ደገመለት።